ሶስት ሰው ከፈረመ

የስራ ልምድ ወረቀቴ አሁንም አለኝ። የአስረኛ ክፍል ካርዴና የድሮው የቀበሌ መታወቂያዬ ባሉበት ፌስታል ውስጥ ነው የማስቀምጠው፣ ጣራው በሚያፈስ ቤት ብዙ ስለኖርኩ ወረቀት በፌስታል መጠቅለል ልማድ ሆኖብኛል። ማህተሙ ትንሽ ደብዝዟል፣ ጽሁፉ ግን ጥርት ብሎ ይነበባል። ከታህሳስ 2011 እስከ ታህሳስ 2014 ዓ.ም በስፌት ኦፕሬተርነት ሲያገለግሉ ቆይተው በራሳቸው ፈቃድ ስራ የለቀቁ መሆኑን እየገለጽን፣ ይላል።

እኔ በራሴ ፈቃድ አልለቀኩም።

የሆነውን ልንገራችሁ። ከሰአት በኋላ ነበር፣ ሱፐርቫይዘራችን መጣችና ማሽን አጥፉ አለች፣ መብራት የሄደ መስሎን ቀና ቀና አልን፣ ከዛ አስር አስር እየሆናችሁ ትሬኒንግ ክፍል ግቡ ተባልን። ትሬኒንግ ክፍል ማለት መጀመሪያ ስንቀጠር ስፌት የተማርንበት ክፍል ነው፣ ክር ባልገባበት መርፌ ወረቀት ላይ በተሰመረ መስመር እየሄድን እጃችንን ያቀናንበት። ጠረጴዛው ላይ ፎርም ተከምሯል፣ ስማችን ተሞልቷል፣ የቀረው ፊርማ ብቻ ነው። ሰውየው ትሁት ሰው ነበር፣ እህቶቼ አለን፣ ኦርደር የለም፣ ካምፓኒው ተቸግሯል፣ ይሄ ፎርማሊቲ ነው፣ ካልፈረማችሁ ግን የወሩ ደሞዝም ክሊራንስም አይወጣላችሁም። ከኛ መሀል አንዷ ብቻ ቤት ወስጄ ላንብበው ብላ ጠየቀች፣ አይቻልም አላት፣ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። እኔ የኮሌታ ኦፕሬተር ነበርኩ፣ ተራዬ ሲደርስ ጣቴ ላይ የነጭ ክር ብናኝ ነበር፣ ወረቀቱ ላይ ቀረ፣ በመዳፌ ጠረግኩትና ፈረምኩ።

እዚህ ሀዋሳ የሰራሁበትን ፋብሪካ ስም አልጽፍም። አሁን ስሙን ብጽፈው ለማናችንም የሚጨምርልን ነገር የለም፣ ደግሞ የምናገረው ነገር ከአንድ ፋብሪካ ይሰፋል።

ያኔ ያላወቅኩትን ያወቅኩት ከአመት በላይ ቆይቼ ነው። ጠበቃ ቢሮ በጸሀፊነት የምትሰራ ጓደኛ አለችኝ፣ አቶቴ አካባቢ ነው ቢሯቸው፣ ሌላ ስራ ለማመልከት ኮፒ ላስደርግ ሄጄ ወረቀቱን አየችው፣ አነበበችና ዝም አለች፣ ከዛ "አንቺ፣ ይሄን ማን ነው ያስፈረመሽ?" አለችኝ። አዋጁን አውጥታ አሳየችኝ፣ የአሰሪና ሰራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011። ስራ ሲቀዘቅዝ ብዙ ሰው በአንዴ ከተባረረ የሰራተኛ ቅነሳ ይባላል፣ የሁለት ወር ማስጠንቀቂያ አለው፣ የስራ ስንብት ክፍያ አለው፣ ለመጀመሪያው አመት የ30 ቀን ደሞዝ፣ ከዛ በላይ ላለው ለያንዳንዱ አመት ደግሞ የዚያ ሲሶ፣ በላዩ ላይ ቅነሳ ስለሆነ የ60 ቀን ደሞዝ ይጨመራል። ማን ቀድሞ እንደሚቀነስ እንኳን ቅደም ተከተል ተጽፎለታል፣ ነፍሰ ጡር መጨረሻ ከሚቀነሱት ናት። በራስ ፈቃድ ለቀቅኩ ብሎ በሶስት አመት የፈረመ ሰው ግን ይሄ ሁሉ አይመለከተውም።

እዛው ቁጭ ብዬ በስልኬ ካልኩሌተር ሰራሁት። ደሞዜ 1,200 ብር ነበር። የመጀመሪያው አመት 1,200፣ ሁለተኛውና ሶስተኛው 400 400፣ ይሄ 2,000 ነው። የ60 ቀኑ 2,400። ማስጠንቀቂያ ስላልሰጡን የሁለት ወሩ ሌላ 2,400። ድምሩ 6,800 ብር። ያኔ ዳቶ ሰፈር ለአራት ሆነን የተከራየናት ክፍል 1,200 ነበረች፣ የኔ ድርሻ 300፣ ስለዚህ 6,800 ማለት የ22 ወር የቤት ኪራዬ ነው። 22 ወር ኪራይ ሳያሳስበኝ ስራ መፈለግ እችል ነበር፣ ወይ ስልጠና መግባት፣ ወይ ቢያንስ እናቴ ጋ ባዶ እጄን ተመልሼ ጎረቤት ፊት አለመቆም።

ልክሰስ አልኳት። አንገቷን ነቀነቀች። ስራ ከማቋረጥ ጋር የተያያዘ የክፍያ ጥያቄ በስድስት ወር ይርጋ ይታገዳል፣ ጊዜው ካለፈ መክሰስ አይቻልም አለችኝ። እኔ ያወቅኩት በአስራ አራተኛው ወር ነው።

ይሄን ታሪክ ለብቻዬ ይዤው ነበር፣ እስከዛ እሁድ ድረስ። የአክስቴ ልጅ አሜሪካ ኖርዝ ካሮላይና የሚባል ስቴት ነው የሚኖረው፣ ታላቄ ስለሆነ ጋሼ ነው የምለው፣ በኢሞ ይደውልልናል። ስለ ስራ ስናወራ "እኔ እምልሽ፣ ፋብሪካው የተዘጋባችሁ ጊዜ መንግስት ምን ሰጣችሁ?" አለኝ። ምን ይሰጠናል ጋሼ አልኩት። እሱ መጋዘን ውስጥ አብራው የምትሰራ አንዲት ትልቅ ሴትዮ አለች፣ ድሮ ካናፖሊስ የምትባል ከተማ ፎጣና አንሶላ ፋብሪካ ውስጥ ነበረች፣ እ.ኤ.አ. በ2003 ሀምሌ መጨረሻ ፒሎውቴክስ የሚባለው ካምፓኒ በአንድ ቀን ሲዘጋ ከተባረሩት አንዷ ናት። እዛ ስቴት ውስጥ ብቻ ከ4 ሺህ በላይ ሰው ነው በአንዴ ከስራ የወጣው፣ ብዙዎቹ ሁለተኛ ደረጃ ያልጨረሱ፣ እድሜያቸውን ሙሉ አንድ ማሽን ላይ የቆሙ። እና እሷ ከመንግስት እየተከፈላት ኮሌጅ ገብታ ተማርኩ አለችው። ለምን ሲላት፣ ስራዬን የወሰደው የውጭ ንግድ ስለሆነ ህግ ነበረን አለችው።

እኔ ይሄን ስሰማ እንቅልፍ አጣሁ፣ እውነቴን ነው። ከዛን ቀን ጀምሮ ዳታ በገዛሁ ቁጥር ስለሱ ነው የማነበው።

ስሙ ትሬድ አድጀስትመንት አሲስታንስ ነው፣ በውጭ ንግድ ምክንያት ከስራ ለተፈናቀሉ ሰራተኞች የሚሰጥ ድጋፍ እንበለው። እ.ኤ.አ. በ1962 ፕሬዝዳንት ኬኔዲ ናቸው ያስጀመሩት። ሀሳቡ በጣም ቀላል ነው፣ እናቴም ትረዳዋለች፦ አገር ቀረጥ ቀንሶ ከውጭ ጋር ሲነግድ ብዙ ሰው ይጠቀማል፣ እቃ ይረክሳል፣ ነጋዴ ያተርፋል፣ ጥቂት ሰው ግን ስራውን ያጣል፣ ለሁሉም ጥቅም ተብሎ በተወሰነ ነገር እዳውን እነዛ ጥቂቶች ብቻ መሸከም የለባቸውም። መጀመሪያ ላይ መስፈርቱ ከመጥበቁ የተነሳ እስከ 1969 ድረስ አንድም የሰራተኞች ማመልከቻ አልጸደቀም፣ በ1974 አዲስ ህግ ወጥቶ ነው ነገሩ የተፍታታው። ከዛ በኋላ ምን ምን ነበረው መሰላችሁ፣ የስልጠና ወጪ ይከፈላል፣ ስልጠና ላይ እስካሉ ድረስ ከመደበኛው የስራ አጥ ክፍያ ጋር ተደምሮ እስከ 130 ሳምንት የሚደርስ የገቢ ድጋፍ አለ፣ ስራ ፍለጋ ሌላ ከተማ ለሚሄድ የጉዞ ወጪ አለ፣ እድሜው 50 ላለፈ ሰው ደግሞ አዲሱ ስራው ከድሮው ያነሰ የሚከፍል ከሆነ የልዩነቱን ግማሽ መንግስት ለሁለት አመት ይሞላለታል፣ እስከ 10 ሺህ ዶላር።

እኔን የያዘኝ ግን ገንዘቡ አይደለም። አንድ ትንሽ መስመር ናት። ማመልከቻውን ለማስገባት ማህበር ላይኖርህ ይችላል፣ ጠበቃ ላይኖርህ ይችላል፣ ሶስት ሰራተኛ ከፈረመ ይበቃል። ሶስት ሰው። ሶስት ሰው ፈርሞ ስራችንን ያሳጣን የውጭ ንግድ ይመስለናል ካለ፣ የሰራተኛ ሚኒስቴራቸው የማጣራት ግዴታ አለበት፣ ካምፓኒውን ይጠይቃል፣ ገዢዎቹን ይጠይቃል፣ ከዛ አዎ ወይ አይደለም ብሎ በጽሁፍ ይመልሳል። ማለት፣ አንድ መስሪያ ቤት አለ፣ ስራው ይሄ ሰው ለምን ስራውን አጣ ብሎ ጠይቆ መልሱን በወረቀት ማስፈር ነው።

እኛ ያን ቀን አስር አስር ሆነን ነበር የገባነው። ሶስት አይደለም፣ አስር። ማንም ለምን አላለም፣ ለምኑም ቀድሞ በውሸት ተሞልቶ ነበር።

የኛ ለምን ደግሞ ሩቅ አልነበረም እኮ፣ ቀኑ ሳይቀር ይታወቃል። የሀዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ሀምሌ ሲመረቅ እኔ ገና ተማሪ ነበርኩ፣ 52 ሼድ፣ 60 ሺህ የስራ እድል ይፈጥራል ተብሎ ነበር የሚወራው፣ ወረዳችን ድረስ እየመጡ ነው ልጆች የመለመሉት፣ እጃችንን አይተው፣ ጉልቻ የሚመስል ነገር እያስደረደሩ ፍጥነታችንን ለክተው። ብዙው ፋብሪካ እዚህ የመጣው በአጎዋ ምክንያት ነው። አጎዋ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2000 ለአፍሪካ አገሮች ያወጣችው ህግ ነው፣ ከኛ የሚገባ ልብስ ያኔ ቀረጥ አይከፍልም ነበር። ያለሱ የጥጥ ቲሸርት 16.5 በመቶ ይቀረጥ ነበር፣ የሲንተቲክ ከሆነ እስከ 32 በመቶ ይደርስ ነበር። በሳንቲም ለሚከራከር ገዢ ይሄ ማለት ኦርደሩ ባንግላዴሽ ወይ ኬንያ ይሄዳል ማለት ነው። ጥቅምት 23 ቀን 2014 ኢትዮጵያ ከአጎዋ ልትወጣ ነው ተባለ፣ ምክንያቱ የሰሜኑ ጦርነትና የሰብአዊ መብት ጥሰት ነው ተባለ፣ ታህሳስ 23 ስራ ላይ ዋለ። ጦርነቱ የስንቱን ቤት እንዳፈረሰ ሁላችንም እናውቃለን፣ እኔ ስለሱ ማንም ዝም ይበል አልልም። የምለው፣ ኮሌታ ላይ የተቀመጠችው ልጅ በዛ ውሳኔ ውስጥ የት ነበረች? ውሳኔው ላይ አልነበረችም፣ ቅጣቱ ላይ ግን ከፊት የተሰለፈችው እሷ ናት።

እዚህ ጋ አንድ ያገኘሁትን ነገር ልንገራችሁ፣ ካነበብኩት ሁሉ እሱ ነው ያስለቀሰኝ። የአሜሪካኖቹ የድጋፍ ህግ እ.ኤ.አ. በ2002 ሲሻሻል፣ ፋብሪካው ስራውን ወደ ውጭ አገር ላዛወረበት ሰራተኛም ድጋፉ ይድረሰው ተባለ፣ ከዛ የትኞቹ አገሮች እንደሆኑ ሲዘረዝር የአጎዋ ተጠቃሚ አገሮችን በስም ያነሳል። ማለት እዛ ያለችው ሴትዮ ስራዋ ወደኔ ዓይነቷ ከመጣ፣ መንግስቷ ስራሽ ወደ አጎዋ አገር ሄዷል ብሎ መዝግቦ ካሳ ይሰጣታል። አጎዋ የሚለው ቃል በሷ ህግ ውስጥ አለ። ያው ስራ ከኔ እጅ ሲወጣ ግን፣ ያውም በነሱ ውሳኔ ሲወጣ፣ እነሱ ጋም እኛ ጋም የሚመዘግብ አልነበረም። እኔ በሷ አልቀናሁም፣ እግዜር ያውቃል፣ ከማሽን ላይ መነሳት ምን እንደሆነ አውቃለሁ። እንደሷ መቆጠር ነው ያማረኝ።

ያ ድጋፍ አሁን ለአዲስ አመልካች የለም። እ.ኤ.አ. ሀምሌ 1 ቀን 2022 የጊዜ ገደቡ አብቅቶ ኮንግረስ ስላላደሰው አዲስ ማመልከቻ ማየት ቆመ፣ በኛ ሰኔ 24 ቀን 2014 መሆኑ ነው። አጎዋ ከኛ በተነሳ በስድስት ወሩ። የሚገርመው እዛም ሲሰራ ብዙ ቅሬታ ነበረበት፣ ዘገየ፣ ለሁሉም አልደረሰም፣ ተማርን ያሉትም ብዙዎቹ የድሮ ደሞዛቸውን አላገኙም። የሰራተኛ ማህበራቱ የቀብር መድን ብለው ይጠሩት ነበር፣ ስራችንን ከገደላችሁት በኋላ ለቀብሩ ትከፍላላችሁ ለማለት ነው። ይሄን ሳነብ ለአከራያችን ለእማማ ነገርኳቸው፣ እሳቸው ምን አሉኝ፣ "ልጄ፣ እድር የሌለው ሰው እኮ ነው ስለ እድር የሚያውቀው"። እሳቸው እድራቸውን አርባ አመት አላቋረጡም። የሞተው አይመለስም፣ ግን ድንኳን ይተከላል፣ ሰው ይመጣል፣ ወንበር ይዘረጋል፣ ስም ይጠራል። ለኛ ድንኳን አልተተከለም።

አብረውኝ ዳቶ የነበሩት ሶስቱ ልጆች የት እንዳሉ ልንገራችሁ። አንዷ ወላይታ አባቷ ቤት ገባች፣ ጋብቻ ተባለ፣ እሺ አለች። አንዷ ቤሩት ነው ያለችው፣ ለደላላ የከፈለችው በብድር ነበር። ሶስተኛዋ እዚሁ ናት፣ ያቺ ነፍሰ ጡር የነበረችው፣ ልጇን ወልዳ ጥቁር ውሃ ሰፈር መንገድ ዳር ቡና ታፈላለች፣ ጠዋት ጠዋት ሰርቪስ የሚጠብቁ ልጆች እሷ ጋ ነው የሚጠጡት። ፓርኩ አልተዘጋም፣ አሁንም የሚሰሩ አሉ፣ አሁንም ማለዳ መንገዱ በሴት ልጅ ይሞላል፣ ባለፍኩ ቁጥር እግሬ አብሯቸው ሊታጠፍ ይላል። እኔ አሁን አንድ ሱቅ ውስጥ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም እሰፋለሁ፣ ኮሌታ ሲመጣ ለኔ ነው የሚሰጡኝ።

አይቻልም እንዳትሉኝ ደግሞ። ሲቻል አይቻለሁ። በኮሮና ጊዜ ለጨርቃጨርቅና አልባሳት ሰራተኞች የደሞዝ ድጎማ መጥቶ ነበር፣ ከጀርመን መንግስት በአለም የስራ ድርጅት በኩል። ማን የት እንደሚሰራ ዝርዝሩ አለ፣ የባንክ ደብተር ሁላችንም አለን፣ ደሞዛችን ከመጀመሪያውም በባንክ ነው የሚገባው። ጡረታ በየወሩ 7 በመቶ ከኛ 11 በመቶ ከአሰሪው ይቆረጣል፣ ስለዚህ መንግስት ማን ስራ ላይ እንዳለ ማን እንደወጣ በወሩ ማወቅ ይችላል። በአንድ ወር ከአንድ ሼድ 400 ሰው ጡረታ መክፈል ሲያቆም፣ 400 ሰው በአንድ ሳምንት በራሱ ፈቃድ ሲለቅ፣ አንድ ሰው ቢሮ ውስጥ ቁጭ ብሎ ይሄ እንዴት ሆነ ማለት አለበት። በኛ አገር የስራ አጥነት መድን የሚባል ነገር የለም፣ ነገ ይምጣ አልልም፣ ይሄ ጥያቄ ግን ብር አይጠይቅም፣ አንድ ባለሙያና አንድ ሞተር ሳይክል ይበቃዋል። ያን ሳምንት አንድ ሰው መጥቶ ፎርሙን ቢያየው እኮ ይርጋው ሳያልፍብን እናውቅ ነበር፣ የአገራችን ህግ ራሱ የሰጠንን 6,800 ብር እናገኝ ነበር። ከአሜሪካ ምንም ሳንጠብቅ።

ለዚህ ነው በስተመጨረሻ ያደረግነውን ያደረግነው። ገንዘቡ እንደማይመለስ እናውቃለን። እኔና ቡና የምታፈላዋ ጓደኛዬ ቁጭ ብለን አንድ ገጽ ማመልከቻ ጻፍን፣ ጸሀፊዋ ልጅ በኮምፒውተር ጻፈችልን። የጠየቅነው አንድ ነገር ነው፣ የስራ ልምድ ወረቀታችን ላይ በራሳቸው ፈቃድ የሚለው ተነስቶ በሰራተኛ ቅነሳ ምክንያት ተብሎ ይታረምልን። ሁለት ፊርማ ሆነ። እኔ ግን ሶስት ካልሆነ አልሄድም አልኩ፣ እዚህ አገር ሶስት ይሁን የሚል ህግ እንደሌለ አውቃለሁ፣ ሆኖም ሶስት እንዲሆን ፈለግኩ። ቤሩት ላለችው በኢሞ ጻፍንላት። ማዳሟ እስክትተኛ ጠብቃ ሌሊት ነው መልሳ የጻፈችልን፣ ከልጆቹ ደብተር ጀርባ ላይ ስሟን በአማርኛ ጽፋ ከስሩ ፈርማ ፎቶ አንስታ ላከችው፣ የደብተሩ መስመር ይታያል፣ ከጎኑ የልጅ ስዕል፣ ቢጫ ጸሀይ። ፎቶ ኮፒ ቤት ወስደን አሳተምነው፣ ልጁ ስዕሉን ልቁረጠው ወይ አለን፣ ተወው አልነው።

የአሰሪና ሰራተኛ ጉዳይ የሚያየው ቢሮ ስንሄድ የተቀበለን ባለሙያ ወጣት ነው፣ ሰላምታውም ጥሩ ነው። ሶስቱንም ፊርማ አየ፣ የደብተሩን ወረቀት ትንሽ ረዘም አድርጎ አየው። ከዛ ፎርም አወጣና መሙላት ጀመረ፣ አመልካች የሚለው ላይ የሶስታችንንም ስም ጻፈ፣ ተጠሪ፣ ማለት የምናመለክትበት አካል፣ የሚለው ጋ ሲደርስ ቆመና "ማንን ልበል?" አለን። ፋብሪካው ከአገር ከወጣ ቆይቷል። ጓደኛዬ ልጇን ከጀርባዋ ወደ ፊት አዞረች። ተያየን። ለጊዜው ባዶ ተወው አልኩት፣ ባዶ ተወው፣ ገቢ ማህተም መታልንና ቁጥር ሰጠን፣ ወረቀቷ አሁን ከስራ ልምዴ ጋር አንድ ፌስታል ውስጥ ናት።